መሰረዝ እንጂ መፋቅ የለም

የድረ ገጽ ዜና አርታዒ ሆኜ ሥራ ስጀምር ያሳሰበኝ የፊደል ግድፈት አልነበረም። ያሳሰበኝ በእጄ የገባው ሥልጣን ነው። ጋዜጣ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝበት፣ በሚቀጥለው እትም «እርማት» ብሎ ከማተም ሌላ መውጫ የለውም። ድረ ገጽ እንደዚያ አይደለም። ጠዋት ብዙ ሰው ያነበበውን ዜና ከሰዓት በኋላ ከፍቼ፣ ስሙን ቀይሬ፣ ቁጥሩን አስተካክዬ፣ ካሻኝም ድምዳሜውን ገልብጬ መልሼ መዝጋት እችላለሁ። አድራሻው ያው፣ ቀኑ ያው፣ የዘጋቢው ስም ያው ነው። ጠዋት ያነበበው ሰው ማታ ተመልሶ ቢያየው የገዛ ዓይኑን ይጠራጠራል እንጂ እኛን አይጠራጠርም።

ይህ ለእኔ የሙያ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። የእምነት ጥያቄ ነው። አንድ ሰው እኔን አምኖ ሐሰት ይዞ ቢሄድ፣ እኔም እሱ ሳያውቅ ሐሰቱን ከደጄ ጠርጌ ባጠፋ፣ የዚያ ሰው ሐቅ (ከእኔ ዘንድ ያለው መብት) ከላዬ ወርዷል ወይ? አልወረደም ብዬ አምናለሁ።

ወደ አርትዖት የገባሁት በአማርኛ ዊኪፔዲያ በኩል ነው። ገና ተማሪ ሳለሁ ስለ ወሎ ከተሞች የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎችን እያነበብኩ የጎደለውን እሞላ፣ የተዛነፈውን አቃና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ዊኪፔዲያ ማንም ሰው ያሻውን እንዲያርም ይፈቅዳል፤ ያረመውን ሁሉ ግን «ታሪክ» በሚለው ገጽ ይመዘግበዋል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብጨምር እንኳ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረ ይታያል። አሮጌው ቃል ከአዲሱ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይነበባል። ያኔ ይህን እንደ ቴክኒክ ነገር ነበር የማየው። ዋጋው የገባኝ አንድ የተዝረከረከ ዜና ለፈተና ተሰጥቶኝ፣ እሱን አቃንቼ አዲስ አበባ ባለ አንድ የዜና ድረ ገጽ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። እዚያ ያረምኩት ነገር ለአንባቢ አንዳች ዱካ አይተውም ነበር።

ያደግኩት ደሴ ነው። የአባቴ አባት የደረሳነት (የሃይማኖት ተማሪነት) ዘመናቸውን ያሳለፉት ቃሉ ውስጥ ጌታ በሚባለው ቦታ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ሐጂ ቡሽራ የመሠረቱት፣ በወሎ ስመ ጥር የሆነ የዒልም (የሃይማኖት ትምህርት) ማዕከል ነው። በሳቸው ጊዜ ለአንድ ድሃ ደረሳ ኪታብ (መጽሐፍ) መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ከሸኹ ፊት ተቀምጦ፣ እየሰማ፣ በእጁ ይገለብጣል። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም የጻፏቸው ኪታቦች እቤታችን ነበሩ። ልጅ ሆኜ ገጾቹን ሳገላብጥ ዓይኔን የሚይዘው የተሳሳቱ ቃላት ላይ የተሰመረው ቀጭን መስመር ነው። የተሰረዘው ቃል ከመስመሩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ትክክለኛው በኅዳጉ ላይ ተጽፏል። «አባባ፣ ለምን ፍቀው አላጠፉትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከፋቅሁት፣ ምናልባት የሳትኩት ስሰርዝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ ልጄ?» አሉኝ።

የሳቸው ጠባይ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ስለ ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ጥናት ማንበብ ስጀምር ግን ይህ የቆየ ሥርዓት መሆኑን አገኘሁ። በደማስቆ ያስተምሩ የነበሩትና በ643 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1245) ያረፉት ኢብን አስ-ሰላሕ በታወቀው የሐዲስ ሥነ ዘዴ መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ አጻጻፍና ስለ እርማት ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። የተሳሳተን ቃል ከመፋቅና ከማጠብ ይልቅ እንዲነበብ አድርጎ መሰረዝ እንደሚሻል ያስረዳሉ። ከሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው የኖሩት አር-ራመሁርሙዚም ፍቀትን ለጥርጣሬ በር የሚከፍት ነገር አድርገው አይተውታል። ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን በ544 ሂጅሪያ ያረፉት ቃዲ ዒያድ ያስተላለፉት ነው። ሸኾች ሐዲስ በሚሰማበት መጅሊስ (ጉባኤ) ላይ ቢላ ይዞ መግባትን ይጠሉ ነበር። የዚያ ዘመን ቢላ የዛሬው «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ነው፤ ወረቀቱን የሚፍቁት በእሱ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ዛሬ ስህተት መስሎ የተፋቀው ቃል ነገ በሌላ ሸኽ ዘገባ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ የፋቀው ሰው ከእጁ ያመለጠውን ከየት ያመጣዋል?

ሌላም ምልክት ነበራቸው። ከሸኹ በትክክል የተሰማ፣ ነገር ግን በቋንቋው ወይም በትርጉሙ እንከን ያለበት ቃል ሲያጋጥማቸው አይለውጡትም። የዐረብኛውን የሷድ ፊደል ራስ የመሰለች ትንሽ ምልክት ከላዩ ያኖራሉ። ምልክቷ ለሚመጣው አንባቢ፣ «እንደዚህ ነው የደረሰኝ፣ ችግር እንዳለበትም አይቻለሁ» ትላለች። ለአንባቢ ይህን ያህል አክብሮት! አንባቢን እንደ ሕፃን ከእውነቱ አልሸሸጉትም። ያዩትን አሳይተው ፍርዱን ከእሱ ጋር ተካፈሉ።

አሁን ወደ ዜና ክፍላችን ልመለስ። በአንድ ከተማ በነዳጅ ጥቁር ገበያ ተጠርጥረው ስለተያዙ ሰዎች አንድ ዜና ወጥቶ ነበር። ከተጠርጣሪዎቹ የአንዱ ስም የተጻፈው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ነው። በእኛ አገር፣ በተለይም በወሎ ከተሞች፣ በሁለት ስም ብቻ ሰውን መለየት አይቻልም። አንድ ገበያ ውስጥ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት አራት ነጋዴዎች ይገኛሉ። በስልክ የደወለልን ሰው በዚያው ከተማ፣ በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ነጋዴ ነበር። ዕቃ በዱቤ ይሰጡት የነበሩ አከፋፋዮች ስልኩን ማንሳት አቁመዋል። ተረኛው አርታዒ ወዲያው የተጠርጣሪውን የአያት ስም አስገባበት፤ «ተስተካክሏል በሉት» ተባልኩ። ነገርኩት። ሰውዬው አልተቆጣም። «እህቴ፣ ጠዋት ያዩት ሰዎች እኮ ተመልሰው አያዩትም» አለኝ።

ከዚህ የተሻለ የሙያ ትምህርት ከማንም አላገኘሁም። እርማቱ የደረሰው ዘግይተው ለሚመጡት ነው፤ ማለትም ምንም ላልተበደሉትና ማንንም ላልበደሉት። ሐሰቱ የደረሳቸው ግን እንደያዙት ቀሩ። ቴክኖሎጂውም ነገሩን ያባብሰዋል። በቴሌግራም ቻናል ላይ የወጣን ጽሑፍ ብናርመው፣ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ አብሮ አይታረምም። ፌስቡክ ላይ ሼር የተደረገ ሊንክ አሮጌውን ርዕስ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስክሪንሾትማ ጭራሽ የሚታረም ነገር አይደለም። እንግዲህ ምንጩን አጥርተን ወንዙን እንደደፈረሰ ስንተወው፣ አጠራን ልንል አንችልም።

ኢማም አን-ነወዊ በ«ሪያዱ ሷሊሒን» መጀመሪያ ላይ ስለ ተውበት (ንስሐ) ሲያስረዱ፣ ኃጢአቱ በሰውየውና በአላህ መካከል ብቻ ከሆነ ሦስት ሸርጦችን (ቅድመ ሁኔታዎችን) ያስቀምጣሉ፦ ድርጊቱን ማቆም፣ መጸጸት፣ ወደዚያ ላለመመለስ መወሰን። የሌላ ሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ ግን አራተኛ ይጨመራል፦ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡን፣ ስሙን አጉድፎት ከሆነ ይቅርታውን። ይህን የተውበት ትምህርት በዜና ክፍላችን ላይ ሳስቀምጠው፣ በዝምታ ማረም የመጀመሪያውን ሸርጥ ብቻ ያሟላል። ድርጊቱ ቆሟል። ጸጸቱን አላህ ነው የሚያውቀው። ሐቁ ግን አልተመለሰም፤ ምክንያቱም የተወሰደው ስም ያለው አሮጌውን ዜና ባነበቡት ሰዎች ልብ ውስጥ እንጂ እኛ ሰርቨር ላይ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የአንባቢውም ሐቅ አለ። እሱም ተበድሏል፤ ሳያውቅ የሌላ ሰው ስም አጥፊ አድርገነዋል።

አለቃዬ በዚህ አይስማማም፤ ሐሳቡም ቀላል አይደለም። «ስህተቱን ዳግመኛ ስናወራው ያልሰማውም ይሰማዋል፤ የሰውዬውን ስም ሁለት ጊዜ እናነሳለን» ይላል። ሌላም አለው፦ የወንድምን ነውር መሸፈን በዲናችን የታዘዘ ነው፤ እርማት በይፋ ሲወጣ ዘጋቢው ይጋለጣል። ይህ ሁለተኛው ክርክር ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል፤ ነውር መሸፈን እኔ ያደግኩበት ነገር ነውና። እቤታችን ውስጥ የሰው ጉድለት በአደባባይ አይነሳም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከሐዲስ ሊቃውንቱ ነው። እነሱም በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል። እገሌ ትውስታው ደካማ ነው፣ እገሌ ይዋሻል ብሎ መናገር ሐሜት አይደለም ወይ ተብለው ተጠይቀዋል። ሐሜት ከከባድ ኃጢአቶች የሚቆጠር ነው፤ ሆኖም ሕዝብን ከሐሰት ለመጠበቅ ሲባል የዘጋቢን ድክመት መናገር እንደሚፈቀድ፣ አልፎም ግዴታ እንደሚሆን ወሰኑ። የታወቀው የሐዲስ ሊቅ የቡኻሪ አስተማሪ ከነበሩት አንዱ፣ ዐሊ ኢብን አል-መዲኒ፣ ስለ ገዛ አባታቸው ዘገባ ሲጠየቁ ደካማ መሆኑን ተናግረዋል። አባታቸውን! ለአባት ያለውን ክብር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል። እኛ ግን ያን ያህል ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ዘጋቢውን ሸፍኖ ስህተቱን መግለጥ ይቻላል። «በዚህ ዜና ላይ ቀደም ሲል የተጠርጣሪው ስም ሳይሟላ በመውጣቱ ከሌላ ሰው ጋር ሊያምታታ የሚችል ነበር፤ ታርሟል» ማለት የማንንም ነውር አያወጣም። ስህተቱ የቤቱ ነው፤ ቤቱ ይሸከመው። መሸፈን የሚገባው ሰው ነው፣ ውሸት አይደለም።

ሁሉም ስህተት እንዲህ ይታወጅ አልልም። «ዓመት» በዐይኑ ዐ ይሁን በአልፋው አ፣ «ፀሐይ» በየትኛው ጸ ይጻፍ የሚለው የየቤቱ ደንብ ነው፤ አርሞ ማለፍ ነው። የሰውን ስም፣ የገንዘብን መጠን፣ የሞተንና የቆሰለን ቁጥር፣ ማን ምን አለ የሚለውን የነካ ግን ዱካው መቅረት አለበት።

ማን ምን አለ ስል አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ስለማልችል። ዘጋቢዎች ከመስክ የሚያመጡትን የሰው ንግግር ማስተካከል የጀማሪ አርታዒ የዕለት ሥራ ነው። የገጠር ሰው አነጋገር ወደ አዲስ አበባ አማርኛ ይመለሳል። ከዚህም አልፎ፣ ከቀዬዋ የተፈናቀለች እናት «አላህ ይድረስልን» ያለችው «ፈጣሪ ይድረስልን» ይሆናል፤ «እመቤቴ ትድረስልኝ» ያለችውም እንደዚሁ። የሚሰጠው ምክንያት ገለልተኛ መሆን ነው። ገለልተኛ መሆን የሚጠበቅብን ግን እኛ ነን። እሷ በጭንቋ ጊዜ የጠራችውን ስም ነጥቀን ለራሳችን ገለልተኝነት ማሳመሪያ ልናደርገው መብት የለንም።

በዚህም የቀደሙት የሐዲስ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ሸኹ ሲናገር የሰዋስው ስህተት ቢሠራ፣ ተማሪው እንደሰማው ያስተላልፍ ወይስ ያቅናው? እነ ኢብን ሲሪን እንደሰሙት፣ ከነስህተቱ ያስተላልፉ ነበር። እነ አል-አውዛዒና ኢብን አል-ሙባረክ ደግሞ ተቃንቶ ይዘገብ ብለዋል። ሁለቱም ወገን ታላላቅ ናቸው፤ እኔ ለሥራዬ የመረጥኩት መንገድ ሁለቱንም የሚያስተናግድ ነው። የዘጋቢውን ጽሑፍ ያለ ስስት አቃናለሁ፤ እሱም ይህን አውቆ ነው የሰጠኝ። ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ግን አልነካም። እዚያ የኢብን ሲሪን ተማሪ ነኝ።

ዛሬ ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ልጆች የሚገጥማቸው ፈተና ከእኔው ይብሳል። እየበዛ የመጣው ሰው ያልጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ማሽን ከሌላ ቋንቋ የተረጎመው ወይም ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ያቀናበረው። ዓረፍተ ነገሩ ለስላሳ ነው፣ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። «ይህን ማን አየ? ማን ሰማ? ለማን ነገረ?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ የለም። ሐዲስ የሚመዘነው በኢስናዱ ነው፤ እገሌ ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ ሰምቶ እየተባለ እስከ ምንጩ በሚዘልቀው ሰንሰለት። ኢብን አል-ሙባረክ ይህን ሰንሰለት ከዲኑ አካል የቆጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያለሱ ማንም ያሻውን ይናገር ነበር። ሰንሰለት የሌለውን ጽሑፍ ፊደሉን ብቻ አርሞ የሚያወጣ አርታዒ የመጨረሻው ዘጋቢ ራሱ ይሆናል። ስሙ ባይጻፍም፣ በአላህ ዘንድ የሚጠየቀው እሱ ነው። በሑጁራት ምዕራፍ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ የታዘዝነው፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ትእዛዙ የወረደው ወሬውን ለፈጠረው አይደለም፤ ለተቀበለው ነው። አርታዒ ደግሞ ሥራው መቀበል ነው።

ስለ ሕግ ለማንሳት አላሰብኩም ነበር፤ ግን አንድ ነገሩ ስለሚጠቅም ላንሳው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመን ጥፋት ከሌላው አክብዶ ይቀጣል። ሕግ አውጪው አንድ ነገር ተረድቷል፦ ሐሰት በደረሰበት መጠን ይከብዳል። ከዚህ ተነስቶ እርማትም ሐሰቱ እስከደረሰበት ድረስ መሄድ አለበት ብሎ ማሰብ ሩቅ አይደለም። ሕጉ ቅጣትን ያውቃል፤ ሐቅ መመለስን የሚያስተምረን ግን ሌላ ቦታ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስህተት የሌለበትን ዜና እንድናጠፋ እንጠየቃለን። ከዓመታት በፊት ተከሶ በነጻ የተለቀቀ ሰው፣ ስሙ በጉግል በተፈለገ ቁጥር የሚመጣው የክሱ ዜና ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያሉ አሮጌ መረጃዎች ከፍለጋ ውጤት ላይ እንዲነሱ ሰዎች ሊጠይቁ እንደሚችሉ ፈርዷል። የሰውዬው ሥቃይ ይገባኛል። ሆኖም እዚህም ቢላውን አላነሳም። ክሱ እንደነበረ ይቀመጥ፤ ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ በነጻ መለቀቁ በደማቁ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን ዜናው ራሱ ጠበቃው ይሆንለታል፤ ብናጠፋው ግን ክሱን የሚያስታውስ ጎረቤት መለቀቁን የሚያነብበት ቦታ ያጣል።

በምሠራበት ቤት፣ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ፣ ዜና ሲታረም ከግርጌው አንድ መስመር እንዲጻፍ ተስማምተናል፦ ምን ተለወጠ፣ መቼ ተለወጠ። በቴሌግራም ቻናሉ ላይ እርማቱን እንደ አዲስ ዜና ማውጣት ግን ገና አልተፈቀደም። እሱ እስኪፈቀድ ድረስ ለዚያ ነጋዴና መሰሎቹ ያለብን ዕዳ እንዳለ ነው፤ ጥያቄውንም በየስብሰባው ከማንሳት አልቦዝንም።

ይህን ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ለቅጥር ስትቀርቡ ስለ ደመወዙ እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ «ስትሳሳቱ ለአንባቢ የምትነግሩት የት ላይ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ቦታ ከሌለ፣ እንዲኖር የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች ሁኑ። እናንተም አንባቢዎች፣ ያጋራችሁት ዜና መታረሙን ያያችሁ ቀን እርማቱን ወደዚያው ግሩፕ ላኩት፤ ለዚያው ዘመድ፣ ለዚያው ጓደኛ። እኛ አርታዒዎች እዚያ ድረስ መግባት አንችልም።